ያልተመለሰው ባሌስትራ

ላሊበላ ውስጥ ከመኪና ይልቅ በቅሎ በሚበዛበት ጊዜ እኔ የወረዳው መካኒክ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቶቹ መኪኖች በሙሉ፣ በሙሉ ስል አምስት ናቸው፣ ሲታመሙ ወደ እኔ ይመጣሉ። ጋራዡ ከአንድ ባለርስት የተወረሰ ጎተራ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ስለሚያፈስ ሞተር የምፈታው በጋ በጋውን ነው።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። አብሮኝ የተማረ የአገሬ ልጅ ነበር፤ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለ መንደር የመጣ፣ ከእኔ በአንድ ዓመት የሚያንስ። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጋፍተን ስድስት ዓመት ኖረናል። እናቴ ከላስታ በሶና ጭኮ ስትልክ የእሱን ለይታ ቋጥራ ነበር የምትልከው። ወንድም አልነበረኝም፤ ወንድሜ እሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እሑድ እሑድ ጣሊያኑና ወዳጆቹ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ባዶ በርሜል ይደረድሩና በትናንሽ መኪኖቻቸው በበርሜሎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይወዳደሩ ነበር። ተራ በተራ ነው የሚነዱት፤ ተጋፍቶ መቅደም የለም። አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል፣ በርሜል የነካ ቅጣት ይጨመርበታል፣ ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። አንዳቸውም በውድድር የሚተዳደሩ አልነበሩም። መድኃኒት ሻጩም፣ ልብስ ሰፊውም በሳምንቱ ሥራ የሚሄድባትን መኪና ነበር ይዞ የሚመጣው። እኛ መጀመሪያ የወደቀ በርሜል እያነሳን ቆየን። በኋላ እኔ መኪኖቹን የማዘጋጅ፣ ጓደኛዬ ደግሞ የጣሊያኑን መኪና የሚነዳ ሆነ። እጁ ጥሩ ነበር። ይህን ዛሬም አልክድም።

ትንሽ መኪና በጠባብ ኩርባ የምትከዳው በኋላዋ እንደሆነ እዚያ ሜዳ ላይ ገባኝ። አንዳንዶቹ የኋላ ጎማዎቻቸው እንደ ቀንበር በአንድ ወጥ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ከላይ ባሌስትራ፣ ያ የተነባበረ የብረት ሞላ፣ ይጫናቸዋል፤ ጉድባ ሲያገኙ ይዘላሉ፣ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፣ ግን ጎማቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞተራቸውን ከኋላ የተሸከሙት ግን ሌላ ናቸው። የእነሱ ዘንግ መሀል ላይ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች እንደ ወፍ ክንፍ ለየብቻ ከፍ ዝቅ ይላሉ። በድንጋይ መንገድ ላይ ይህ ምቾት ነው። በኩርባ ላይ ግን ነጂው ፈጥኖ ገብቶ፣ ደንግጦ ድንገት እግሩን ከነዳጅ ያነሳ እንደሆነ የመኪናዋ ኋላ ይነሳል፣ ክንፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ፣ የውጭው ጎማ ከሆዷ ስር ይገባል። ከዚያ ወዲያ መሪ ቢያዞሩ ጥቅም የለውም።

መድኃኒት ሻጩ በዓይናችን ፊት የተገለበጠው እንዲህ ሆኖ ነው። ጎትተን ያወጣነው እኔና ጓደኛዬ ነን። የማጅራቱ ደም የጓደኛዬን ሸሚዝ ሞላው። በማግስቱ ጣሊያኑ ከአሮጌ ባሌስትራ አንዱን ብረት ወስዶ፣ በእሳት አለስልሶ፣ ከራሱ መኪና የኋላ ዘንግ ስር አገድሞ አሰረው። መሀሉ በካምቢዮው ስር በአራት ቡሎን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሁለቱን ክንፎች ከታች ደግፈው ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ያች መኪና ኩርባ ላይ እግር ቢነሳባትም ጎማዋን አላጠፈችም። ሁለታችንም አጠገቡ ቆመን መፍቻ እያቀበልን ነው የተማርነው።

አብዮቱ መጣ፤ ጋራዡ ተወረሰ፤ ጣሊያኑ አገር ለቆ ሄደ። እኔ አገሬ ገባሁና ወረዳው ቀጠረኝ። እርሻ መሥሪያ ቤቱ ሹፌር ሲፈልግ ጓደኛዬን አስጠራሁት።

የወረዳው ኃላፊ ከወልድያ በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ከእኛ የማይበልጥ ሰው ነበር። አንድ ፈረንጅ ትቷት የሄደ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ አመድማ መኪና ነበረች፤ እሷን ወሰዳት። መንዳት ያስተማረው ጓደኛዬ ነው። ክፉ ነጂ አልነበረም፤ ችኩል ነበር።

የሠራተኞች ቀን ሲቃረብ የበዓሉን ዝግጅት ለመነጋገር ተሰበሰብን። ሩጫ ይኑር፣ ገመድ ጉተታ ይኑር፣ ገበሬው ጉግስ ይጫወት ተባለ። አርፌ አልተቀመጥኩም።

«ጓድ፣ እኛ አዲስ አበባ ሳለን የመኪና ውድድር እናዘጋጅ ነበር» አልኩ። «በርሜልና ሜዳ ካለ ሌላ ምንም አይፈልግም።»

የኃላፊው ዓይን በራ። ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ለጨዋታ የሚሆን ነዳጅ እሱ ራሱ ፈቀደ። ከከተማው ቁልቁል ያለው አውሮፕላን ማረፊያ የአፈር ሜዳ ስለሆነ እዚያ ይሁን ተባለ። አራት መኪና ይገባል፤ ኃላፊው በአመድማዋ፣ ጓደኛዬ በእርሻ መሥሪያ ቤቱ ወጥ ዘንግ መኪና፣ ሁለት ሌሎች ሹፌሮች ደግሞ በየመሥሪያ ቤታቸው መኪና። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ጣሊያኑ እንደሠራው አድርጌ ለኃላፊው መኪና ብረቱን ሠራሁ። ሜዳው ላይ ሲሞክራት ደስታውን መሸፈን አልቻለም። «ምን አደረግህባት? እንደ ሙጫ ተጣብቃ ነው የምትዞረው!» አለኝና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። የዚያን ዕለት ኮራሁ።

በሳምንቱ ወደ አሸተን ማርያም መውጫ ስር ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሄደ። ብረቱ ከዘንጉ ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል መንገዱ መሀል ያለ ድንጋይ ያዘው። መኪናዋ በሆዷ ተቀመጠች። ገበሬዎቹ ተረባርበው እስኪያነሷት ድረስ እሱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። አንዱ «ይች መኪና እርጉዝ ናት እንዴ?» ብሎ ሰዉ ሁሉ ሳቀ አሉ። ሲመለስ በቀጥታ ጋራዥ መጣ።

«ፍታልኝ!»

«ጓድ፣ ያለዚህ ብረት ውድድሩ ላይ አደገኛ ናት።»

«መንገድ ላይ መሳቂያ አደረገችኝ እኮ! ፍታልኝ ብያለሁ።»

«እሺ እፈታዋለሁ፤ ለውድድሩ ግን እመልሰዋለሁ።»

«ይሁን» አለ።

ያማረረበት ምክንያት ሐሰት ነው አልልም። የላስታን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ብረቱ በእውነት ለዚያ መንገድ አይሆንም። አራቱን ቡሎን በገዛ እጄ ፈታሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው እህል የጫነ የመንግሥት መኪና ኩልመስክ ከተማ ተበላሽቶ ቆሟልና ሂድ ተባልኩ። እምቢ የሚባል ትእዛዝ አልነበረም። ጓደኛዬን ፈልጌ ጋራዡ ደጃፍ ላይ አገኘሁትና ብረቱን አሳየሁት፤ ቡሎኖቹንም በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠሁት።

«ካልደረስኩ አንተ እሰርለት። አደራ።»

«እንዴ! ይህን ለእኔ ትነግረኛለህ?» አለኝ። «የዚያ ሰውዬ ደም የእኔ ሸሚዝ ላይ ነበር እኮ።»

ልቤ አርፎ ሄድኩ።

ኩልመስክ ላይ መኪናው ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ አገኘሁት። እሱን ስታገል ሁለት ቀን አለፈ። በበዓሉ ጠዋት በዚያው እህል ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሜዳው አጠገብ ስንደርስ ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። በየቀበሌው ተጠርቶ የመጣ ሕዝብ ሜዳውን ከቦታል። አቧራው ቢጫ ነበር። ጓደኛዬ ተራውን ጨርሷል፤ ከሁሉም ያነሰ ጊዜ አስመዝግቦ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

የኃላፊው መኪና መነሻው ላይ ነበረች። ከሩቅ ሆኜ የኋላ ጎማዎቿን አየሁ። ከላይ ሰፍተው ከታች ጠበዋል፤ ኋላዋም ከፍ ብሏል። ብረቱ የለም። ለማወቅ ከስሯ መተኛት አላስፈለገኝም።

ሮጥኩ። «አስቁሙት! አስቁሙት!» አልኩ። ሰው ግን እንዲያጨበጭብ ታዝዞ የመጣ ነውና እያጨበጨበ ነው፤ የሚሰማኝ ጠፋ። መኪናዋ ተነሳች። የመጀመሪያውን በርሜል አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ ፈጠነ። በርሜሉን ሊመታው ሲል ደነገጠና እግሩን አነሳ። የኋላዋ ወደ ላይ ነጠረ፤ የቀኝ ጎማዋ ከስሯ ገባ፤ በዚያው ጎማ ላይ ቆማ በጣሪያዋ ዞራ በግራ ጎኗ ወደቀች።

ስደርስ ኃላፊው ይጮህ ነበር። ግራ እጁ በመስኮቱ ወጥቶ ከመኪናዋ ስር ነበር። ከአራት ሰው ጋር አነሳንለት። ክንዱ ከክርኑ በታች የሰው ክንድ አይመስልም ነበር። ጓደኛዬ ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ ነው። ዓይኑን ፈለግሁ፤ ወደ እኔ አላየም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሳለሁ መጥተው ያዙኝ። «አሻጥር» አሉኝ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ የኖረበት ያውቃል። ሰው ለአነሰ ነገር ሄዶ ቀርቷል።

ኃላፊው ከሆስፒታል ክንዱን በጀሶ አስሮ ሲመለስ ጉዳዬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ እሱ ከእነሱ ጎን። እኔ ጥቁር ሰሌዳው ስር ቆሜያለሁ።

«ብረቱን የፈታው ማነው?» አለ መሀል ያለው።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ጓድ ኃላፊ ናቸው ያዘዙኝ።»

ኃላፊው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ለውድድሩ እንድትመልሰው አልተስማማንም?»

«ተስማምተናል። ኩልመስክ ስላክ ለጓደኛዬ አደራ ብዬ ቡሎኖቹንም ሰጥቼው ነው የሄድኩት።»

ጓደኛዬ ተጠራ። የክት ኮቱን ለብሷል። ያን ኮት አዲስ አበባ አብረን ነበር የገዛነው።

«አደራ ብሎሃል?»

ጫማውን አየ። «አላስታውስም።»

«ያ ብረት ከሌለ መኪና ይገለበጣል?»

«እኔ ሹፌር ነኝ። የመካኒኩን ነገር አላውቅም» አለ።

እኔ ጮህኩ። «ያ መድኃኒት ሻጭስ? አብረን አይደል ያወጣነው?» ዝም በል ተባልኩ። ከዚያ አንዱ ሰው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አራቱ ቡሎኖች ናቸው፤ ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተገኙ። ደብቀሃቸው ነው እንጂ ለሰው ብትሰጥ ኖሮ እዚያ ምን ያደርጋሉ አሉኝ።  መልሱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ባውቀውም የሚያምነኝ አልነበረም።

አሥራ አንድ ወር ታሰርኩ። እስር ቤቱ የጤፍ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ውስጥ ነቀዝ ሲሄድ ይሰማል። ባለቤቴ በየቀኑ በሰሃን ቋጥራ ምሳ ታመጣለች፤ ዘበኛው እንጀራውን በእንጨት ገላልጦ ካየ በኋላ ይሰጠኛል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቄስ ታስረው ነበር። አንድ ቀን ምን አጥፍተህ ነው አሉኝ። እንደቻልኩ አስረዳኋቸው፤ ስለ ክንፉ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ብረቱ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እንደምትገለበጥ እያወቅህ ፈታኸው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ። ልመልሰው ነበር።»

«የፈታኸው አንተ፣ የሚመልሰው ሌላ ሰው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።  ተናደድኩባቸው። ሁለት ቀን አላነጋገርኳቸውም።

በሰባተኛው ወር እናቴ ሞተች። አልፈቱኝም። ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታ ነገረችኝ። ስትነግረኝ መሀል ላይ ቆም አለችና፣ «ቃሬዛውን እሱ ተሸክሟል» አለች። «ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ለማንም አልለቀቀም። በአንተ ቦታ ቆሞ ነው ያለቀሰው።»

«ስሙን አታንሺብኝ» አልኳት።

«ስሙን አላነሳሁም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የወጣሁት ፍርድ አግኝቼ አይደለም። ኃላፊው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፤ አዲሱ መጣና እስረኛ በዝቶበት ከፊላችንን አሰናበተ። ይቅርታም አልጠየቁኝ፣ ወረቀትም አልሰጡኝ። ጋራዡ ለጓደኛዬ ተሰጥቶ ነበር። ወደ ሥራ መልሱኝ ብል «በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው የመንግሥት ንብረት አይነካም» ተባልኩ። ልብሳችንን ጠቅልለን ወልድያ ወረድን። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ይዤ ጎማ እየለጠፍኩ መኖር ጀመርኩ። ሞተር የሚፈታ እጅ ጎማ ሲለጥፍ ይደነዝዛል። ልጆቼ የሚያውቁት አባት ጎሚስታ ነው።

እነዚያን ዓመታት በሙሉ አንድ ነገር አምኜ ኖርኩ። ጓደኛዬ ብረቱን ያላሰረው ለማሸነፍ ብሎ ነው ብዬ። በአንድ ወጥ ዘንግ መኪና ያችን ብረት የታሰረላትን አመድማ ማሸነፍ እንደማይችል ያውቃል። ምቀኝነት ነው አልኩ። በምቀኝነት ስጠላው ጥላቻዬ ቦታ ነበረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ለካ ብዬ እተኛለሁ።

ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ አንድ ከሰዓት የጭነት መኪና ደጄ ቆመ። ከጋቢናው የወረደው እሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ጎማው ተንፍሶበታል፤ እኔ እዚያ እንዳለሁ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅኩትም። ክሪክ አስገብቼ ጎማውን ፈታሁ። እስክጨርስ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ብረቱን ላስረው ገብቼ ነበር» አለኝ በመጨረሻ።

ጎማውን ከቸርኬው መለየት ቀጠልኩ።

«የበዓሉ ዋዜማ። ከስሯ ተኝቼ ሁለቱን ቡሎን አስገብቻለሁ። ኃላፊው መጣ። ‹ውጣ፣ ምን ታደርጋለህ?› አለኝ። ለነገው ብረቱን ላስር ነው አልኩት። ‹ያንን ሸክም መልሳችሁ ልታሸክሙኝ ነው? ክብደት ነው፤ አንተ እንድታሸንፍ ነው። ፍታው!› አለኝ። ፈታሁትና ቡሎኖቹን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ።»

እጄ ቆመ። «ለምን አልተናገርክም? እዚያ፣ እነሱ ፊት?»

«እሱ እዚያው ተቀምጦ? አጠገባቸው? ያዘዝከኝ አንተ ነህ ልበለው?» አለኝ። «አንተ እኮ ቀድመው ይዘውሃል። እኔ ብናገር ሁለት እንሆን ነበር እንጂ አንተ አትወጣም።»

ኃላፊው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ክንዱን በጀሶ አስሮ፣ ብረቱን ማን እንዳስቀረው ልቡ እያወቀ፣ «ለውድድሩ እንድትመልሰው አልተስማማንም?» ሲለኝ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጓደኛዬም ያውቅ ነበር። ያን ዕለት በዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የማላውቅ እኔ ነበርኩ፤ የታሰርኩትም እኔ ነኝ።

ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። በምቀኝነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ምቀኛ ቢያንስ የሚፈልገው ነገር አለው። እሱ ግን ፈርቶ ነው። እኔም ብረቱን የፈታሁት ፈርቼ ነበር፤ «ፍታልኝ» ሲለኝ እምቢ አላልኩም። እዚያ ቁጢጥ ብሎ ሳየው የምጠላውን ሰው ከራሴ መለየት አቃተኝ። ይህን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ጎማውን መልሼ ዳዶዎቹን አጠበቅኩ። «ጨርሻለሁ» አልኩት።  «እትዬን ሰላም በልልኝ» አለ። ሰላምታውን ለባለቤቴ አላደረስኩም። ጋቢናው ላይ ወጥቶ ወደ ላስታ መንገድ ታጠፈ፤ ዳግመኛ አላየሁትም።

መሞቱን የሰማነው በሌላ ዓመት፣ ከላሊበላ በመጣ ሹፌር በኩል ነው። ሳንባው ነው አሉ። ባለቤቴ ወዲያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ተነስ እንጂ» አለችኝ። «ለቀብሩ ባንደርስ ለለቅሶው እንደርሳለን።»

«ሥራ አለኝ» አልኳት።

አየችኝ። ዕለቱ ሚካኤል ነበር፤ ክፍሌም ተዘግቶ ነበር። ብቻዋን በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ሚስቱ ምን እንዳለች አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።